የሚውቴሽንን ዓይነትና መንስኤ ከሁለት የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች ለይቶ የማውጣት መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ለብሔራዊ ፈተና ከሚዘጋጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ሆነ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪና ቴዎድሮስ ግቢ ትምህርት ከጀመሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በየጊዜው የሚቀርብልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ጤናማውና የተለወጠው ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ሲሰጠኝ ሚውቴሽኑ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በምን ለይቼ አውቃለሁ? መንስኤውስ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ሚውቴሽን ማለት በዲኤንኤ ቅደም ተከተል ላይ የደረሰ ለውጥ ነው፤ ይህ መመሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው።

ጉዳዩን የሚያወሳስበው የዓይነቶቹ ስም በአንድ ዝርዝር ተደርድሮ መጠናቱ ነው። «መተካት፣ መጉደል፣ ሳይለንት፣ ሚስሴንስ፣ ፍሬምሺፍት» ብሎ የሸመደደ ተማሪ ከአምስቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ያለበት ይመስለዋል። እነዚህ ስሞች ግን ለተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። አንዳንዶቹ በፊደላቱ ላይ ምን እንደደረሰ፣ አንዳንዶቹ የንባቡ አከፋፈል መናጋት አለመናጋቱን፣ ሌሎቹ ደግሞ ፕሮቲኑ ምን እንደሆነ ይናገራሉ። ስለዚህ አንድ ሚውቴሽን በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ስም ቢኖረው ስሕተት የለበትም። መንስኤው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጥያቄ ስለሆነ የራሱ ማስረጃ ይፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር። በአንድ ካሬ አንድ ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ መስመሩ አይዛባም።
• እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ቀይና ሰማያዊ ስክሪፕቶ።
• በወረቀት የታተመ የኮዶን ሰንጠረዥ። ኮዶን ማለት አንድ አሚኖ አሲድን፣ ማለትም አንድ የፕሮቲን መገንቢያን፣ ወይም ማቆሚያን የሚያመለክት የሦስት ፊደላት ስብስብ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቆም ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ ፎቶ ኮፒ አንሥቶ መያዝ ይሻላል።
• ጤናማው ቅደም ተከተልና የተለወጠው ቅደም ተከተል።

በዚህ መመሪያ አዴኒንን አ፣ ታይሚንን ታ፣ ጓኒንን ጓ፣ ሳይቶሲንን ሳ ብዬ እጽፋለሁ። ፕሮቲን ለመሥራት ከዲኤንኤ በሚቀዳው በአርኤንኤ ውስጥ በታይሚን ቦታ የሚገባው ዩራሲል ዩ ይሆናል። ለልምምድ የመረጥኩት በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለውን የቤታ ግሎቢን ዘረመል ሲሆን፣ ይህ ዘረመል በሄሞግሎቢን ውስጥ ካሉት ሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች አንዱን የሚያሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹ 60 ፊደላቱ በሦስት በሦስት ተከፍለው እንዲህ ይነበባሉ፦

አታጓ ጓታጓ ሳአሳ ሳታጓ አሳታ ሳሳታ ጓአጓ ጓአጓ አአጓ ታሳታ
ጓሳሳ ጓታታ አሳታ ጓሳሳ ሳታጓ ታጓጓ ጓጓሳ አአጓ ጓታጓ አአሳ

ይህን በደብተርዎ ላይ በሰማያዊ ይገልብጡ። ከሥሩ ስድስት ባዶ መስመሮችን ይተዉና እያንዳንዱን የተለወጠ ናሙና በሚከተለው መሠረት ራስዎ ይጻፉ፦

ናሙና ሀ፦ 20ኛው ፊደል ከአ ወደ ታ ይለወጣል።
ናሙና ለ፦ 21ኛው ፊደል ከጓ ወደ አ ይለወጣል።
ናሙና ሐ፦ 52ኛው ፊደል ከአ ወደ ታ ይለወጣል።
ናሙና መ፦ 20ኛው ፊደል ይወጣል፤ የቀረው ወደ ግራ ይጠጋል።
ናሙና ሠ፦ 27ኛው ፊደል ካለፈ በኋላ አንድ ጓ ይጨመራል፤ የቀረው ወደ ቀኝ ይገፋል።
ናሙና ረ፦ ከ19ኛው እስከ 21ኛው ያሉት ሦስት ፊደላት ይወጣሉ።

ጥንቃቄ

ይህ አሠራር ለትምህርትና ለፈተና ዝግጅት የተሰናዳ ነው። የራስዎን ወይም የቤተሰብዎን የምርመራ ውጤት በዚህ ተርጉመው ውሳኔ ላይ አይድረሱ፤ የላቦራቶሪ ውጤት ከሌላ ምርመራና ከቤተሰብ የጤና ታሪክ ጋር ተገናዝቦ በባለሙያ ይነበባል።

በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ዲኤንኤን በጄል ለማየት የሚሠሩ ተማሪዎች ደግሞ ኤቲዲየም ብሮማይድን በባዶ እጅ እንዳይነኩ፣ የአልትራቫዮሌት መብራቱንም ያለ መከላከያ መነጽር እንዳያዩ አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው በዲኤንኤ ፊደላት መካከል የሚሰካ ኬሚካል ነው፤ ሁለተኛው ዓይንንና ቆዳን ይጎዳል። ሁለቱም የዚህ ትምህርት ርዕስ የሆነውን ጉዳት ራሳቸው ማድረስ የሚችሉ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የተሰጠዎት የትኛው ሰንሰለት እንደሆነ ያረጋግጡ

ዲኤንኤ ሁለት ሰንሰለት ነው። አንዱ ኮድ ሰጪ ይባላል፤ ታ በዩ ከመተካቱ በስተቀር ከመልእክተኛው አርኤንኤ ጋር አንድ ነው። ሌላው ቅጂው የሚነሣበት አብነት ሰንሰለት ነው፤ በእርሱ ላይ በአ ፋንታ ታ፣ በጓ ፋንታ ሳ ይገኛል። ከላይ የጻፍኩት ኮድ ሰጪውን ነው።

ይህ ደረጃ የሚቀድመው ሳያረጋግጡ ከተጀመረ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ስለሚበላሽ ነው። አንዱ መጽሐፍ ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ሚውቴሽን «ከጓአጓ ወደ ጓታጓ» ነው ሲል ሌላው «ከሳታሳ ወደ ሳአሳ» ይላል፤ ብዙ ተማሪዎችም አንዱ ተሳስቷል ብለው ይጠይቁኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የመጀመሪያው ኮድ ሰጪውን፣ ሁለተኛው አብነቱን ጽፏል። የተሰጠዎት አብነት ከሆነ በቅድሚያ ተጣማጁን ይጻፉ። ሁለቱ ሰንሰለቶች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ በመሆናቸው፣ የጻፉት ተጣማጅ ከ5 ፕራይም (ከሰንሰለቱ መነሻ ጫፍ) ወደ 3 ፕራይም (ወደ መጨረሻው ጫፍ) እንዲነበብ አድርገው ያስተካክሉት።

ደረጃ 2፦ መነሻውን ያግኙና በሦስት በሦስት ይክፈሉ

ወደ ፕሮቲን የሚደረገው ትርጉም የሚጀምረው ከአታጓ ነው፤ በአርኤንኤ አዩጓ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ያለ ክፍተት በሦስት በሦስት ይነበባል። በእርሳስ ከየሦስቱ ፊደል በኋላ ቀጭን መስመር ያስምሩ። ፈተና ላይ ቅደም ተከተሉ ከአታጓ በፊት ጥቂት ፊደላትን ጨምሮ ሊሰጥ ይችላል፤ ከመጀመሪያው ፊደል ተነሥቶ የከፈለ ሰው የሚያገኛቸው ኮዶኖች ሕዋሱ ከቶ የማያነባቸው ናቸው።

ደረጃ 3፦ ርዝመቱን ይቁጠሩ

ፊደል ከፊደል ማወዳደር ከመጀመርዎ በፊት የሁለቱን ቅደም ተከተሎች ጠቅላላ ቁጥር ይያዙ። እኩል ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የገጠመዎት መተካት ነው፤ ካነሰ መጉደል፣ ከበዛ መጨመር ነው። ልዩነቱ በሦስት የሚካፈል መሆን አለመሆኑንም በዳር ይጻፉ፤ ደረጃ 5 ላይ ይፈለጋል።

ይህ ደረጃ ቀላል ስለሚመስል ይዘለላል። ናሙና መ ላይ ሳይቆጥሩ ማወዳደር የጀመረ ተማሪ ግን ከ20ኛው ፊደል በኋላ ያለው አብዛኛው ፊደል ስለማይገጥምለት «ብዙ መተካቶች አሉ» ብሎ ይጽፋል። የወጣው አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ልዩነት ያግኙና የፊደሉን ለውጥ ይሰይሙ

ሁለቱን መስመሮች ከግራ ወደ ቀኝ እያወዳደሩ መጀመሪያ የተለያዩበትን ካሬ በቀይ ያክብቡ፤ ቁጥሩንም ይጻፉ። መተካት ከሆነ ሁለተኛ ስም አለው። አ እና ጓ እርስ በርስ፣ ወይም ሳ እና ታ እርስ በርስ ከተለዋወጡ ትራንዚሽን ይባላል፤ ከአንደኛው ቡድን ወደ ሌላው ከተሻገረ ትራንስቨርሽን ይሆናል። በዚህ መሠረት ናሙና ለ ትራንዚሽን ሲሆን ናሙና ሀ እና ሐ ትራንስቨርሽን ናቸው። ይህን አሁኑኑ መለየት የሚጠቅመው መንስኤዎች በአብዛኛው የሚያዘነብሉበት የለውጥ ዓይነት ስላላቸው ነው።

ናሙና ረ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ጤናማው ሰንሰለት ሁለት ተከታታይ ጓአጓ ስላለው የወጣው የመጀመሪያው ይሁን ሁለተኛው ከፊደላቱ ማወቅ አይቻልም፤ በሁለቱም መንገድ የሚቀረው አንድ ነው። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲገጥም የሳይንሱ የአጻጻፍ ደንብ ለውጡ በተቻለ መጠን ወደ 3 ፕራይም ጫፍ ባለው ቦታ እንደደረሰ ተደርጎ እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ ከ19 እስከ 21 ያሉትን ራስዎ ያወጡ ቢሆንም፣ ሲመዘገብ የጎደሉት ከ22 እስከ 24 ያሉት ናቸው ተብሎ ይጻፋል። ናሙና ሠም እንዲሁ ነው፤ የተጨመረው ጓ ከነባሩ ጓ አጠገብ ስላረፈ የ27ኛው ፊደል መደገም ተብሎ ይመዘገባል።

ደረጃ 5፦ የንባቡ አከፋፈል መናጋቱን ይመርምሩ

ይህ የሚመለከተው መጨመርንና መጉደልን ነው። የተጨመረው ወይም የጎደለው ፊደል ቁጥር በሦስት የማይካፈል ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው አከፋፈል በሙሉ ይናጋል፤ ይህም ፍሬምሺፍት ነው። የሸሚዝ ቁልፍ አንዱን ዘሎ የቆለፈ ሰው ከዚያ በታች ያሉት ሁሉ እንደሚዛቡበት ማለት ነው። ናሙና መን እንደገና በሦስት በሦስት ይክፈሉት፦

አታጓ ጓታጓ ሳአሳ ሳታጓ አሳታ ሳሳታ ጓጓጓ አጓአ አጓታ ሳታጓ
ሳሳጓ ታታአ ሳታጓ ሳሳሳ ታጓታ ጓጓጓ ጓሳአ አጓጓ ታጓአ አሳ

እስከ ሳሳታ ድረስ ምንም አልተነካም። ከዚያ በኋላ ግን ግላይሲን፣ አርጂኒን፣ ሴሪን፣ ሊዩሲን እያለ ፈጽሞ ሌላ ፕሮቲን ይጀምርና ታጓአ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ይህ በአርኤንኤ ዩጓአ የተባለው የማቆሚያ ኮዶን ነው። ሙሉው ቤታ ግሎቢን 146 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን በዚህ ናሙና ንባቡ ከ17 በላይ አይሄድም። ይህ ለልምምድ የተፈጠረ አይደለም፤ ቤታ ታላሴሚያ በተባለው የደም ሕመም ታማሚዎች ላይ የተገኘ እውነተኛ ሚውቴሽን ነው።

ናሙና ሠን ሲከፍሉ ግን ከአአጓ ቀጥሎ ጓታሳ ታጓሳ ሳጓታ እያለ እስከ ወረቀቱ መጨረሻ ይሄዳል፤ ማቆሚያ አይታይም። በዚህ ጊዜ «ማቆሚያ የለውም» ብለው እንዳይደመድሙ። የጤናማው ዘረመል ተከታይ ፊደላት ጓታጓ ጓአታ ጓአአ ናቸው፤ በናሙናው ላይ ጨምረው ሲከፍሉት ሳጓታ ጓጓአ ካለ በኋላ ታጓአ ይመጣል። ቁራጭ ይዞ ስለ ሙሉው ፕሮቲን መናገር እንደማይቻል ይህ ናሙና በግልጽ ያሳያል።

ናሙና ረ በሦስት ስለሚካፈል አከፋፈሉ አይናጋም፤ አንድ ግሉታሚክ አሲድ ብቻ ይቀነሳል። «አከፋፈሉ ካልተናጋ ጉዳት የለውም» ማለት ግን አይደለም። ሳንባን በሚጎዳውና በዘር በሚተላለፈው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በብዛት የሚገኘው ሚውቴሽን ሦስት ፊደላት ጎድለው 508ኛው አሚኖ አሲድ የሆነው ፌኒልአላኒን የሚቀርበት ነው፤ ፕሮቲኑ በትክክል ስለማይታጠፍ ሕዋሱ ያስወግደዋል። አንጎልን በሚጎዳው በሀንቲንግተን ሕመም ደግሞ ሳአጓ የተባለው ኮዶን ደጋግሞ ይጨመራል፤ ድግግሞሹ ከ27 በታች ሲሆን ጤናማ ነው፤ 40 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ግን አከፋፈሉ ሳይናጋ በሽታው ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ወደ አሚኖ አሲድ ይተርጉሙና ውጤቱን ይሰይሙ

የተለወጠውን ኮዶን ወደ አርኤንኤ ይቀይሩና ከሰንጠረዡ ያንብቡ። ኮዶኖቹ 64 ሲሆኑ 61ዱ ለ20 አሚኖ አሲዶች የተሰጡ ናቸው፤ ዩአአ፣ ዩአጓ እና ዩጓአ ማቆሚያዎች ናቸው። ለአንድ አሚኖ አሲድ ከአንድ በላይ ኮዶን መኖሩ ሳይለንት ሚውቴሽን እንዲኖር ምክንያት ይሆናል።

ናሙና ለ ላይ ጓአጓ ወደ ጓአአ ተለውጧል፤ ሁለቱም ግሉታሚክ አሲድ ስለሆኑ ሳይለንት ነው።

ናሙና ሀ ላይ ጓአጓ ወደ ጓታጓ ሲለወጥ በግሉታሚክ አሲድ ቦታ ቫሊን ይገባል፤ ይህ ሚስሴንስ ነው። የሲክል ሴል መነሻም ይኸው ነው። ግሉታሚክ አሲድ ኃይለ ሙል ያለውና ውኃን የሚወድ ሲሆን ቫሊን ውኃን ይሸሻል፤ በመሆኑም ሄሞግሎቢኖቹ ኦክስጅን በለቀቁ ጊዜ እርስ በርስ እየተጣበቁ ረጅም ዘንግ ይሠራሉ፤ ቀይ የደም ሕዋሱም ማጭድ ይመስላል። ከዚሁ ኮዶን 19ኛው ፊደል ከጓ ወደ አ ቢለወጥ ኖሮ በቫሊን ፋንታ ላይሲን ገብቶ ሄሞግሎቢን ሲ የተባለው ይፈጠር ነበር፤ እርሱ ከሲክል ሴል ይልቅ ቀለል ያለ ሁኔታ ነው። ናሙና ለ፣ ናሙና ሀ፣ ሄሞግሎቢን ሲ እና ናሙና መ፣ አራቱም የደረሱት በዚያው በአንዱ ኮዶን ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የተነካው ቦታ ብቻ ሳይሆን የገባው ነገር ማንነትም ነው።

ናሙና ሐ ላይ አአጓ ወደ ታአጓ ይለወጣል። ይህ በአርኤንኤ ዩአጓ ስለሆነ ንባቡ እዚያው ይቆማል፤ ኖንሴንስ ነው። ይህም በደቡብ ምሥራቅ እስያ የታወቀ የቤታ ታላሴሚያ መንስኤ ነው።

ማቆሚያ ኮዶን ስለታየ ብቻ ኖንሴንስ ብለው አይጻፉ። ናሙና መም መጨረሻው ማቆሚያ ነው፤ ነገር ግን ወደዚያ ያደረሰው አከፋፈሉ መናጋቱ ስለሆነ ስሙ ፍሬምሺፍት ነው።

ደረጃ 7፦ በፊደል ደረጃ የማይታየውን ይለዩ

ጥያቄው የክሮሞሶም ሥዕል ይዞ ከመጣ ከደረጃ 2 እስከ 6 ያለው አይሠራም። የክሮሞሶም ቁራጭ መጉደል፣ መደገም፣ መገልበጥ ወይም ወደ ሌላ ክሮሞሶም መዛወር በሥዕሉ ላይ ባሉት ምልክቶች ቅደም ተከተል ይለያል። ከ9ኛውና ከ22ኛው ክሮሞሶም መካከል የሚደረገው መለዋወጥ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ምክንያት መሆኑ የታወቀ ምሳሌ ነው። የቁጥር ለውጥ ከሆነ ይቁጠሩ፤ በዳውን ሲንድሮም 21ኛው ክሮሞሶም ሦስት ስለሚሆን ጠቅላላው ከ46 ወደ 47 ይደርሳል።

ለውጡ ፕሮቲን ከሚያሠራው ክፍል ውጪ ሲሆንም የኮዶን ሰንጠረዥ አይረዳም። አዋቂ ሰው ወተት እንዲስማማው የሚያደርጉት ለውጦች የሚገኙት የላክቴዝ (የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም) ዘረመል ራሱ ውስጥ አይደለም፤ ከእርሱ 13,900 ፊደላት ያህል ቀደም ብሎ፣ ጎረቤት ዘረመል ውስጥ ባለና ፕሮቲን በማያሠራ ክፍል ውስጥ ናቸው። በኢትዮጵያ ከተገኙት አንዱ 13,907 ፊደል ወደ ኋላ ባለው ቦታ ላይ ሳ ወደ ጓ የተለወጠበት ነው። ፕሮቲኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ዘረመሉ በጉልምስና ጊዜ ሥራውን አለማቆሙ ነው።

ደረጃ 8፦ መንስኤውን ማስረጃው እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ ይጻፉ

ብዙ ነጥብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። «መንስኤው ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ተማሪ «ጨረርና ኬሚካል» ብሎ ያልፋል። በመጀመሪያ ለውጡ የተወረሰ ነው ወይስ በአካል ሕዋስ ላይ በሕይወት ዘመን የደረሰ የሚለውን ይለዩ። ቆዳ ላይ የደረሰ ለውጥ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ በዘር ሕዋስ ላይ የደረሰ ግን ይተላለፋል።

ቀጥሎ የለውጡን መልክ ያጢኑ።

የውጭ ነገር ሳይገባ የሚደርሱት ለውጦች ብዙ ናቸው። ዲኤንኤን የሚቀዳው ኢንዛይም ከመቶ ሺህ ፊደላት አንዱን ያህል ይሳሳታል፤ የራሱ እርማትና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥገና ተጨምሮበት ስሕተቱ በቢሊዮን ፊደላት ወደ አንድ ገደማ ይወርዳል። የሰው ሕዋስ ስድስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ስላሉት ግን ጥቂት ስሕተት መቅረቱ አይቀርም፤ አንድ ልጅ በወላጆቹ ላይ ያልነበሩ በአማካይ ከ60 እስከ 70 አዳዲስ ለውጦችን ይዞ ይወለዳል። ተመሳሳይ ፊደል በተደጋገመበት ቦታ ቅጂው ስለሚንሸራተት መጨመርና መጉደል ይበረክታል። ሳ ደግሞ በራሱ ኬሚካላዊ ለውጥ አሚን የተባለውን ክፍል ያጣል፤ በተለይ ጓ የሚከተለውና ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ክፍል የተጨመረበት ሳ ወደ ታ ስለሚለወጥ ይህ ትራንዚሽን በሰው ዘረመል ውስጥ እጅግ የተለመደ ነው።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ታ ወይም ሳ እርስ በርስ እንዲጣበቁ ያደርጋል። በቆዳ ካንሰር ላይ «ሳሳ ወደ ታታ» ሲታይ ጥርጣሬው በትክክል ወደ ፀሐይ ይሄዳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከቆላው የበለጠ አልትራቫዮሌት ይደርሳታል፤ ይህ የሚያሠጋው ግን ቆዳንና ዓይንን ነው። ራጅንና ጋማን የመሰሉ ጨረሮች በአንጻሩ ዘልቀው ስለሚገቡና ሁለቱን ሰንሰለቶች በአንድ ጊዜ ስለሚበጥሱ ትልልቅ መጉደልንና የክሮሞሶም መዛወርን ያስከትላሉ።

ከኬሚካሎች ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነው አፍላቶክሲን ነው። እርጥበት ሳይለቀው በተከማቸ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ሲሆን፣ በጉበት ውስጥ ከተቀየረ በኋላ ከጓ ጋር ተጣብቆ ጓ ወደ ታ እንዲለወጥ ያደርጋል። በጉበት ካንሰር ላይ ቲፒ53 በተባለው ዘረመል 249ኛው ኮዶን አጓጓ ወደ አጓታ ተለውጦ ሲገኝ አፍላቶክሲን ቀዳሚ ተጠርጣሪ ይሆናል።

ነገር ግን የትምባሆ ጢስም ጓን ወደ ታ ይለውጣል፤ በሕዋሱ ውስጥ ኦክስጅን የሚያደርሰው ተራ ጉዳትም እንዲሁ። ስለዚህ የአንድ ፊደል ለውጥ ብቻውን መንስኤን አያስረዳም፤ ቦታው፣ የተነካው የአካል ክፍልና የሰውየው ተጋላጭነት አብረው መታየት አለባቸው። እንደ ናሙና ሀ ያለ ከወላጅ የተወረሰ ለውጥ ሲሰጥዎት «ከወላጅ የተወረሰ ነው፤ መጀመሪያ ያስከተለው ነገር ከቅደም ተከተሉ ብቻ አይታወቅም» ብሎ መጻፍ በእኔ ሚዛን ሙሉ መልስ ነው። እንዲያውም ጨረርን ሳይጠየቁ ከመጥራት ይበልጣል።

ደረጃ 9፦ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ቦታውን፣ የፊደሉን ለውጥ፣ በፕሮቲኑ ላይ ያመጣውን ውጤትና ስለ መንስኤው የሚታወቀውን በዚሁ ቅደም ተከተል ያስገቡ። ለናሙና ሀ የሚከተለው ይበቃል፦ «በቤታ ግሎቢን ዘረመል 20ኛው ፊደል አ በታ ስለተተካ ትራንስቨርሽን የሆነ መተካት ነው፤ በግሉታሚክ አሲድ ቦታ ቫሊን ስለገባ ሚስሴንስ ነው፤ ለውጡ በዘር የሚተላለፍ ነው።»

ከዚህ በኋላ ለመለማመድ ጓደኛዎ የሚለውጠውን ፊደል ሳይነግርዎ አዲስ ናሙና እንዲጽፍልዎ ያድርጉ። መልሱን አስቀድሞ በሚያውቁት ናሙና ላይ መደጋገም ደረጃ 3ን እና 4ን አያስለምድም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

• አንዱ መጽሐፍ የሲክል ሴል ለውጥ 6ኛው፣ ሌላው 7ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ነው ማለቱ ያደናግራል። የመጀመሪያው ሜቲዮኒን ፕሮቲኑ ሲሠራ ስለሚወገድ የቀድሞው አቆጣጠር አያስገባውም፤ የአሁኑ ደንብ ያስገባዋል። በየትኛው እንደቆጠሩ ይግለጹ። የፊደሉ ቁጥር ግን ከአታጓ አ ስለሚጀምር 20 ነው።

• ታን በዩ ሳይተኩ በአርኤንኤ ሰንጠረዥ መፈለግ፣ ወይም አብነቱን ሰንሰለት በቀጥታ በሰንጠረዡ ማንበብ። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የሚያገኙት አሚኖ አሲድ ትክክል ስለሚመስል ስሕተቱ አይታወቅም።

• ሳይለንት የሆነ ሁሉ ፈጽሞ ውጤት የለውም ብሎ መጻፍ። አንዳንዱ የአርኤንኤውን መቆራረጥና መገጣጠም ስለሚያዛባ፣ አሚኖ አሲዱ ሳይለወጥ ፕሮቲኑ ሊበላሽ ይችላል። «አሚኖ አሲዱን አይለውጥም» ማለት ከዚህ ስሕተት ያድናል።

• ሚውቴሽን ሁሉ ጎጂ እንደሆነ መቁጠር። በደረጃ 7 የተጠቀሰው የላክቴዝ ለውጥ ወተት ለሚጠጣ ሕዝብ ጠቃሚ ነው።

• «የሲክል ሴል ሚውቴሽን መንስኤ ወባ ነው» የሚለው መልስ። ወባ ፊደል አይለውጥም። ለውጡን ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ የተሻለ ስለሚጠበቅ፣ ወባ በጸናበት ቆላ ለውጡ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየበዛ መጥቷል። ወባ ያደረገው ቀድሞ የተፈጠረውን ለውጥ እንዲስፋፋ መምረጥ ነው፤ ስለዚህ በመልስዎ ላይ «መንስኤ» በሚለው ሳይሆን «የስርጭቱ ምክንያት» በሚለው ሥር ይጻፉት።